አዲስ የጨዋታ መሣሪያ፣ ነባር ቴሌቪዥን፤ ያለመጣጣሙን ኪሣራ ማን ይሸከማል?

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ስዊች 2 የተባለውን አዲስ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ እ.ኤ.አ ጁን 5 ቀን 2025 በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ለገበያ ባቀረበ በአራት ቀናት ውስጥ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች መሸጡን ማስታወቁ ይታወሳል። በአሜሪካ 449 ዶላር ከ99 ሣንቲም የተተመነው መሣሪያ ይህን የመሰለ አቀባበል ቢያገኝም፣ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ጀምሮ ሲነሳ የቆየው ጥያቄ ግን በሽያጩ ብዛት አልተዘጋም። ጥያቄው መሣሪያው በገዢው ቤት ካለው ቴሌቪዥን ጋር ምን ያህል ይጣጣማል፣ ካልተጣጣመስ ወጪው የማን ነው የሚል ነው።

ጥያቄውን ያባባሰው ኩባንያው ራሱ የፈጸመው ስህተት ነው። ስዊች 2 በሁለት መንገድ ያገለግላል። በእጅ ሲያዝ 7 ነጥብ 9 ኢንች ስፋት ባለው የራሱ ስክሪን ላይ ያሳያል፤ ዶክ በሚባለው መትከያ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በኤችዲኤምአይ ገመድ አማካይነት ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። የራሱ ስክሪን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ምስል የማደስ አቅም ያለው ሲሆን፣ የማደሻውን ፍጥነት ከጨዋታው ፍጥነት ጋር እያስተካከለ የመለዋወጥ ችሎታም ተሰጥቶታል። ይህ ችሎታ የማስታወቂያ ማድመቂያ ብቻ አይደለም። መሣሪያው አንዱን ምስል ሠርቶ ሳይጨርስ ስክሪኑ የሚታደስበት ጊዜ ከደረሰ ምስሉ በተጫዋቹ ዓይን ፊት ይቆራረጣል ወይም ይንተባተባል። ስክሪኑ መሣሪያውን መጠበቅ ከቻለ ግን ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል።

የኩባንያው ድረ ገጽ ይኸው ችሎታ መሣሪያው ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝም እንደሚሠራ ገልጾ ነበር። ገለጻው ቆይቶ ከድረ ገጹ የተነሳ ሲሆን፣ መሣሪያው ሊሸጥ ሳምንታት ሲቀሩት ኒንቴንዶ ችሎታው የሚሠራው በእጅ ሲያዝ ብቻ መሆኑንና ቀደም ሲል የወጣው መረጃ ስህተት እንደነበር አስታውቆ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ገለጻ ተማምኖ ይህን ችሎታ ያካተተ ቴሌቪዥን ተጨማሪ ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው ቢኖር፣ ይቅርታው የወጣበትን ገንዘብ አይመልስለትም።

በቴሌቪዥን ላይ ሲሠራ ስዊች 2 ፎር ኬ በሚባለው 3,840 በ2,160 የምስል ጥራት በሰከንድ እስከ 60 ምስሎች ያስተላልፋል። ጥራቱ ወደ 1,440 ወይም ወደ 1,080 መስመር ዝቅ ሲል ደግሞ በሰከንድ እስከ 120 ምስሎች ማስተላለፍ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ግን ከመሣሪያው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው ሰንሰለት በሙሉ ሲችላቸው ነው። በሣጥኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ገመድ ከፍተኛ የመረጃ ፍሰት የሚያስተላልፍ ዓይነት ነው። ከቀድሞው ስዊች ጋር የመጣውን ገመድ ሰክቶ የሚጠቀም ሰው ግን ሙሉውን ጥራት ላያገኝ ይችላል። የሁለቱ ገመዶች መሰኪያ በቅርጽም በስፋትም አንድ ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን አይለይም።

የቀድሞው ስዊች ዶክም ለአዲሱ መሣሪያ አይሆንም። በሌሎች አምራቾች ተሠርተው በቅናሽ ዋጋ ይሸጡ የነበሩ በርካታ ዶኮች፣ ዩኤስቢ ሲ የተባለውን የጋራ መሰኪያ የሚጠቀሙ ቢሆኑም፣ መሣሪያው ገበያ ላይ በዋለበት ወቅት ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ማድረስ ተስኗቸው ታይተዋል። የመረጃ ማከማቻውም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። መሣሪያው በውስጡ 256 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ሲሆን፣ ጨዋታ ለማስቀመጥ ተጨማሪ ቦታ የሚፈልግ ሰው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የተባለውን አዲስ ካርድ መግዛት ይጠበቅበታል። በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው የተለመደው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ በዚያው ቀዳዳ የሚገባ ቢሆንም፣ ቀድሞ የተቀረጹ ፎቶግራፎችንና ቪዲዮዎችን ወደ መሣሪያው ከማዛወር ያለፈ አገልግሎት አይሰጥም። የሚሰካ ነገር ሁሉ የሚሠራ የሚመስለው ሸማች ይህን የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ከገዛ በኋላ ነው።

ይህ ዓይነቱ ችግር በኒንቴንዶ አልተጀመረም። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የተከሰተው ጉዳይ የአሁኑን ጥያቄ አጥርቶ የሚያሳይ በመሆኑ በዝርዝር መመልከቱ ይጠቅማል።

የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን 3 የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 17 ቀን 2006 በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲያውል ዋጋው እንደ ማከማቻው መጠን 499 እና 599 ዶላር ነበር። መሣሪያው ከፍተኛ ጥራት ላለው ቴሌቪዥን ታስቦ የተሠራ መሆኑ በስፋት ተነግሮለታል። በወቅቱ ከፍተኛ ጥራት በሚለው ስም ሥር ሁለት የተለያዩ የምስል ዓይነቶች ይገኙ ነበር። አንደኛው 720 መስመሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው 1,080 መስመሮችን በሁለት ዙር፣ አንድ ጊዜ ጎዶሎዎቹን ሌላ ጊዜ ሙሉዎቹን እያፈራረቀ የሚያሳይ ነው። ዘመናዊዎቹ ቴሌቪዥኖች ሁለቱንም ይቀበላሉ። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት በአሜሪካ የተሸጡ በርካታ ቴሌቪዥኖች ግን፣ በተለይም ምስሉን ከኋላ የሚያንጸባርቁት ግዙፎቹ፣ የሚቀበሉት ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

የፕሌይስቴሽን 3 የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በአብዛኛው የተዘጋጁት በ720 መስመር ነው። ቴሌቪዥኑ ይህን የማይቀበል ሲሆን መሣሪያው ምስሉን ወደ 1,080 ከፍ ማድረግ ሲገባው ወደ 480 መስመር፣ ማለትም ወደ ተራ ዲቪዲ ደረጃ፣ ዝቅ አድርጎ ያስተላልፍ ነበር። ከመሣሪያው ጋር በአንድነት ከወጡትና እጅግ ከተወደሱት ጨዋታዎች መካከል አንዱ የሆነው ሬዚስታንስ ፎል ኦፍ ማን በዚህ ችግር ከተጠቁት ውስጥ ይጠቀሳል። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን በቅድሚያ የገዛው ሸማች፣ 599 ዶላር ጨምሮ ያገኘው ምስል ያረጀ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤቱ የማይሻል ሆነ። ቴክኖሎጂውን ቀድሞ የተቀበለው ወገን ቅጣቱንም ቀድሞ ተቀብሏል ማለት ይቻላል።

በተቃራኒው የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ 360 ከአንድ ዓመት በፊት በኖቬምበር 2005 ሲወጣ ምስሉን ቴሌቪዥኑ ወደሚቀበለው ማንኛውም ዓይነት የሚለውጥ ቺፕ ተገጥሞለት ነበር። ዋጋውም ከሶኒው ከፍተኛ ሞዴል በ200 ዶላር ያነሰ ነበር። ይህ ማለት ግን ማይክሮሶፍት የተሟላ መሣሪያ ሠርቷል ማለት አይደለም። ኤክስቦክስ 360 ሲወጣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አልነበረውም። መሰኪያው የተጨመረው እ.ኤ.አ በ2007 በወጣው ኤሊት በተባለው ሞዴል ነው። ስለዚህ አንደኛው ኩባንያ የአሮጌ ቴሌቪዥን ባለቤትን ሲያስቀር ሌላኛው የአዲስ ቴሌቪዥን ባለቤትን ወደ ኋላ ጎትቷል። ሶኒ በቀጣዮቹ ወራት ለጨዋታ አዘጋጆች ምስሉን የሚለውጡበትን ዘዴ ቢያቀርብም፣ መፍትሔው በእያንዳንዱ አዘጋጅ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ቀድመው የተሸጡትን ጨዋታዎች ሁሉ የሚያዳርስ አልሆነም።

ጉዳዩን ለሕግ አውጪዎችና ለደረጃ መዳቢዎች ትኩረት የሚስብ የሚያደርገው ግን በአውሮፓ የሆነው ነው። የአውሮፓ የኤሌክትሮኒክስና የመረጃ ቴክኖሎጂ አምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2005 ኤችዲ ሬዲ የተባለውን ምልክት አውጥቶ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን ይህን ምልክት በሣጥኑ ላይ ለመለጠፍ ስክሪኑ ቢያንስ 720 መስመር ሊኖረው፣ 720ውንም ሆነ ተፈራራቂውን 1,080 መስመር ሊቀበል፣ እንዲሁም የቅጂ መከላከያ ያለው ዲጂታል መሰኪያ ሊገጠምለት ይገባ ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 በአውሮፓ የተሸጠው እ.ኤ.አ ማርች 23 ቀን 2007 ሲሆን፣ ምልክቱ ያለበት ቴሌቪዥን የነበረው ሸማች በአሜሪካ የታየው ዓይነት ችግር አይገጥመውም ነበር። መሣሪያው አንድ ነው፤ ጨዋታዎቹም አንድ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከኋላው ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው።

ምልክቱ እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ሬዲ የሚለው ቃል ብዙዎችን ከፍተኛ ጥራት ያለው የቴሌቪዥን ሥርጭት በቀጥታ የሚያገኙ አስመስሏቸው የነበረ ሲሆን፣ ለሥርጭቱ ግን ሌላ መቀበያ ያስፈልጋቸው ነበር። በዚህም ምክንያት ለመቀበያዎቹና ሙሉ 1,080 መስመር ለሚያሳዩት ቴሌቪዥኖች ሌሎች ምልክቶች ተከትለው ወጥተዋል። ምልክቱን ያወጣውም መንግሥት ሳይሆን የአምራቾቹ ማኅበር በመሆኑ ግዴታው የሚመለከተው ምልክቱን ለመጠቀም ፈቃድ የወሰደውን ብቻ ነበር።

ከስክሪኑ ጥያቄ ጎን ለጎን የመሣሪያው የራሱ ጥንካሬ ጉዳይ ይነሳል። እዚህ ላይም ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ኤክስቦክስ 360 የምስል ችግሩን በቺፕ ቢፈታም ከዚያ የከፋ ጣጣ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ይታወሳል። በርካታ መሣሪያዎች ፊታቸው ላይ ሦስት ቀይ መብራቶች እያሳዩ መሥራት ያቆሙ ጀመር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ የወቅቱ የሥራ ኃላፊዎች እንዳብራሩት፣ ችግሩ መሣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በሚፈጠረው መሞቅና መቀዝቀዝ የተነሳ በቺፑ ውስጥ ያሉት የብየዳ ግንኙነቶች እየተሰነጠቁ መሄዳቸው ነው። ወቅቱ ኢንዱስትሪው በአካባቢ ጥበቃ ምክንያት እርሳስ ካለበት ብየዳ ወደሌለበት የተሸጋገረበት ጊዜ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም።

ኩባንያው ለወራት ችግሩን በግልጽ ሳይቀበል ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ ጁላይ 5 ቀን 2007 በሦስቱ ቀይ መብራቶች የሚገለጸውን ብልሽት የሚሸፍነውን የዋስትና ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት አራዝሟል። ለዚህም ከ1 ነጥብ 05 እስከ 1 ነጥብ 15 ቢሊዮን ዶላር ወጪ መመደቡን ይፋ አድርጓል። ቀድመው ከኪሳቸው ከፍለው ላስጠገኑትም ገንዘባቸውን መልሷል። በዚህ ረገድ ኩባንያው የዘገየ ቢሆንም ኪሣራውን ከሸማቹ ትከሻ ላይ አንስቶ ራሱ ተሸክሟል። ውሳኔው ግን የአንድ ትልቅ ኩባንያ የገበያ ስሌት የወለደው እንጂ በሁሉም ገዢ እጅ ያለ መብት አልነበረም።

ኒንቴንዶን በተመለከተ የአውሮፓ ልምድ ለየት ያለ ነው። የቀድሞው ስዊች መቆጣጠሪያዎች ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው የመንቀሳቀስ ብልሽት እንዳለባቸው በስፋት ሲነገር ቆይቷል። የአውሮፓ ሸማቾች ድርጅቶች እ.ኤ.አ በ2021 ለአውሮፓ ኮሚሽንና ለአባል አገራት የሸማቾች ባለሥልጣናት አቤቱታ አቀረቡ። እ.ኤ.አ በ2023 ኩባንያው የዋስትናው ጊዜ ካለፈም በኋላ እነዚህን መቆጣጠሪያዎች በአውሮፓ በነጻ ለመጠገን ተስማምቷል። ለአዲሱ መሣሪያ የተሠሩት መቆጣጠሪያዎች፣ ብዙዎች ለዚህ ብልሽት ፍቱን ነው የሚሉትን የማግኔት ዘዴ እንደማይጠቀሙ የኩባንያው ኃላፊ እ.ኤ.አ በ2025 አረጋግጠዋል። ስለሆነም የ2023ቱ ስምምነት ያለፈ ታሪክ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

የመሣሪያው ብልሽት በዋስትና ሊታረም ሲችል የምልክት ብዥታ ግን እየባሰ መሄዱን የኤችዲኤምአይ ጉዳይ ያመለክታል። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2017 የወጣው የኤችዲኤምአይ 2.1 ደረጃ በሰከንድ እስከ 48 ጊጋቢት መረጃ ማሳለፍን፣ ፎር ኬ ምስልን በሰከንድ 120 ጊዜ ማሳየትንና የማደሻ ፍጥነት መለዋወጥን ያካተተ ነው። እ.ኤ.አ በ2020 አዲሶቹ የሶኒና የማይክሮሶፍት መሣሪያዎች ሲወጡ፣ ይህን ቁጥር የያዙ የአንዳንድ አምራቾች የድምፅ ማጉያዎች በውስጣቸው ባለው ቺፕ ስህተት ምክንያት ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚመጣውን ከፍተኛውን ምስል ማሳለፍ አቅቷቸው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ታይቷል። አንደኛው አምራች ማስተካከያ ሣጥን በነጻ ሲያድል ሌላው የውስጥ ሰሌዳውን በነጻ ለመቀየር ተገድዷል።

ከዚህ የከበደው በ2021 መጨረሻ የተሰማው ነው። የደረጃው አስተዳዳሪ አካል ለአንድ የስክሪን ፍተሻ ድረ ገጽ በሰጠው ምላሽ፣ 2.0 የሚባለው ደረጃ ከእንግዲህ ለብቻው እንደሌለና በ2.1 ውስጥ እንደተካተተ፣ አዲሶቹ ችሎታዎች በሙሉ በአምራቹ ምርጫ ላይ የተመሠረቱ እንደሆኑ አስታውቋል። አምራቹ የሚጠበቅበት የትኞቹን ችሎታዎች እንዳካተተ መግለጽ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ከተጨመሩት ችሎታዎች አብዛኞቹ የሌሉት ስክሪን ኤችዲኤምአይ 2.1 ተብሎ ቢሸጥ ደረጃውን አልጣሰም። በ2005 የወጣው ምልክት አነስተኛውን ግዴታ ሲናገር የአሁኑ ቁጥር የሚናገረው ሊደረስበት የሚችለውን ጣሪያ ነው። ሸማቹ ደግሞ ሁለቱንም የሚያነበው እንደ ግዴታ ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያም ተጨባጭ ገጽታ አለው። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በተለምዶ ፕሌይስቴሽን ቤት በሚባሉት አነስተኛ ንግዶች ወጣቶች በጨዋታ ሒሳብ እየከፈሉ እግር ኳስ ይጫወታሉ። መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች ወይም ከዱባይ በሚያመጡ ነጋዴዎች እጅ የሚገቡ ስለሆኑ፣ አምራቹ በሸጠበት አገር የገባው ዋስትና ተከትሏቸው አይመጣም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያን በሦስት ዓመቱ የኤክስቦክስ ዋስትና ሲሸፈኑ፣ ከዚያው ገበያ ተገዝቶ ወደ አገር ቤት የተላከው መሣሪያ ቢበላሽ ሥራው የአገር ውስጥ ጠጋኝ ነበር። ለአሜሪካ የተሠራው የኤክስቦክስ 360 የኃይል ማስተላለፊያ ከ100 እስከ 127 ቮልት ለሚሆን ኤሌክትሪክ የተዘጋጀ በመሆኑም፣ በ220 ቮልት መስመር ላይ ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ዕቃውን የሚያጣው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የመዝናኛ ዕቃ መጥፋት ሲሆን ለአነስተኛ ነጋዴው የመነሻ ካፒታሉ ነው።

በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አስቸጋሪው ነገር በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክለኛ ሆኖ ሳለ በቂ ላይሆን መቻሉ ነው። ይህ ጥያቄ በጨዋታ መሣሪያ የሚወሰን አይደለም። ለስብሰባ አዳራሽ ስክሪን፣ ፕሮጀክተር ወይም የቪዲዮ ኮንፈረንስ ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ ኤችዲኤምአይ 2.1 ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ አቅራቢው የዚያን ቁጥር አነስተኛውን ይዘት አቅርቦ ግዴታውን ተወጥቻለሁ ሊል ይችላል። የምስል ጥራቱ በመስመር፣ የማደሻ ፍጥነቱ በሰከንድ፣ የመሰኪያውና የገመዱ የመረጃ ፍሰት በጊጋቢት ተለይቶ ቢጻፍ ግን የርክክብ ኮሚቴው ሊፈትሸው የሚችለው ነገር በእጁ ይኖራል። ሁለት ሦስት ተጨማሪ መስመሮች መጻፍ ዕቃው ተገጥሞ ካልሠራ በኋላ ከሚመጣው የደብዳቤ ምልልስ ይቀላል።

የደረጃው ባለቤት የሆነው አካል እ.ኤ.አ በጁን 2025፣ ስዊች 2 ለሽያጭ በቀረበበት ወር፣ ኤችዲኤምአይ 2.2 የተባለውን ቀጣይ ደረጃ ይፋ አድርጓል። ከፍተኛው የመረጃ ፍሰት በሰከንድ 96 ጊጋቢት ሲሆን፣ አልትራ96 የተባለ አዲስ ስያሜም ተዘጋጅቶለታል። በወጣው ማብራሪያ መሠረት አምራቾች ይህን ስያሜ የሚጠቀሙት ከፍተኛው አቅሙ 64፣ 80 ወይም 96 ጊጋቢት ለሆነ ዕቃ ነው።